ኪንግስተንን ማንም አልመረጣትም

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በሚቀጥለው ወር ለአምስት ቀን ጃማይካ ልሄድ ነው። እንግሊዞች ኪንግስተንን ዋና ከተማ ያደረጓት ወደቧ ጥሩ ስለሆነ መርጠዋት ነው? ደግሞ በፊት ፖርት ሮያል የሚባል የወንበዴዎች ከተማ ነበረ፣ በኃጢአቱ ባህር ዋጠው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

የወደብ ከተሞች ታሪክ እንጀራዬ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይቼ ማለፍ ያቅተኛል። ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል፣ ትንሽ ይረዝማል።

አጭሩ መልስ ግን «አልመረጧትም» ነው። ኪንግስተን የተጀመረችው ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የተጠለሉባት ሜዳ ሆና ነው። የቦታው ስም ራሱ የአንድ ኮሎኔል የአሳማ በረት ነበር። ዋና ከተማ ለመባል ደግሞ 180 ዓመት ጠብቃለች፣ ያውም ከአንድ ትልቅ እልቂት በኋላ ነው የተሳካላት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ካርታ ክፈት። በጃማይካ ደቡባዊ ጠረፍ ላይ ከዋናው ምድር ተነስታ ወደ ምዕራብ የምትሄድ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ታያለህ። ፓሊሳዶስ ትባላለች። ርዝመቷ ከ10 ኪሎሜትር ይበልጣል፣ በአንዳንድ ቦታ ግን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ከውጭ በኩል ክፍት ባህር ነው፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ጸጥ ያለ ሰፊ ውሃ። ያ ውሃ ነው የኪንግስተን ወደብ። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የተፈጥሮ ወደቦች አንዱ ነው። ፖርት ሮያል የነበረችው፣ የተረፈችውም አሁን ያለችው፣ እዚያችው የምላሷ ጫፍ ላይ ነው።

ኮሎምበስ ጃማይካ የደረሰው በ1494 ነው፣ ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት የታይኖ ሰዎች ነበሩ። ስፔኖች ወደቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ዋና ከተማቸውን በ1534 ከባህሩ ራቅ አድርገው ወደ ውስጥ ሠሩ። የአሸዋዋን ጫፍ የሚፈልጓት ለጥገና ብቻ ነበር፤ መርከቧን በጎኗ ያስተኙና ከሆዷ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ይፍቁባታል።

በ1655 እንግሊዞች መጡ። የመጡት ለጃማይካ አልነበረም። ያኔ እንግሊዝን የሚገዛው የክሮምዌል ጦር የተላከው የስፔን ይዞታ የነበረችውን ሳንቶ ዶሚንጎን እንዲይዝ ነው፣ እዚያ ክፉኛ ተመታ፣ ከዚያ ባዶ እጅ ከመመለስ ብለው ወደ ጃማይካ ዞሩ። ሁለቱ አዛዦች፣ ፔንና ቬናብልስ፣ አገራቸው ሲመለሱ ለንደን ግንብ እስር ቤት ነው የተወረወሩት። ያኔ ጃማይካ የሽንፈት ማካካሻ ነበረች። ስፔን በይፋ የለቀቀችላቸው በ1670 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ፖርት ሮያል ዋና ከተማ ነበረች ሲባል ብዙ ቦታ ታነባለህ። በተግባር ልክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንግሊዞቹ መንበሩን ያኖሩት ስፔኖች በሠሩት በዚያው በውስጠኛው ከተማ ነው፣ ስሙን ስፓኒሽ ታውን ብለውት። ወረቀቱ ስፓኒሽ ታውን፣ ገንዘቡ ፖርት ሮያል። ይሄን ክፍፍል ያዝልኝ፣ የኋላው ታሪክ በሙሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው።

ወንበዴዎቹስ? ነበሩ። እንግሊዝ ደሴቲቱን የሚጠብቅ በቂ የባህር ኃይል ስላልነበራት ገዥዎቹ የባህር ሽፍቶችን ፈቃድ እየሰጡ የስፔን መርከብና ከተማ እንዲዘርፉ ያሰማሯቸው ነበር። የዘረፋው ድርሻ ደግሞ ለባለሥልጣኑም ይደርሳል፣ እንግዲህ ማን ይጠላል? በጣም የታወቀው ሄንሪ ሞርጋን ነው። በ1671 ፓናማን ዘረፈ፣ ከተማዋም ተቃጠለች። ከስፔን ጋር ሰላም ተፈርሞ ስለነበር ታስሮ ለንደን ተወሰደ። እዚያ ይቀጣል ስትል «ሰር» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት በምክትል ገዥነት ተመለሰ። በ1688 አልጋው ላይ ሞተ። ፓሊሳዶስ ላይ ተቀበረ።

ፊልሞቹ የሚያሳስቱት ግን እዚህ ጋ ነው። በ1692፣ ያ መሬት በተንቀጠቀጠበት ዓመት፣ የሽፍቶቹ ዘመን ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከተማዋ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ወደ 6,500 ሰው ይኖርባታል። እስከ አራት ፎቅ የሚደርሱ የጡብ ቤቶች ነበሯት፣ የብር ሠሪ፣ የቆዳ ሠሪ፣ የትንባሆ ፒፓ ሠሪ ሱቅ ነበራት። ከሁሉም በላይ ግን በባርነት የመጡ አፍሪካውያን የሚሸጡባት ገበያ ነበረች። ስለ ኃጢአት ካነሳን ሰባኪዎቹ ያነሱት ስካርና ዝሙትን ነበር፣ የሰው ንግዱን ግን እንደ ሥራ አይተው አለፉት።

አሁን ወደ መስመጡ። ቀኑ በዚያን ጊዜ እንግሊዞች በሚጠቀሙበት በጁልያን አቆጣጠር ጁን 7 ቀን 1692 ነው። ሰዓቱንም እናውቀዋለን። በ1959 ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ወደቡን ሲያስስ አንድ የኪስ ሰዓት ከጭቃው ውስጥ ወጣ። አምስተርዳም ውስጥ ፖል ብሎንዴል የሠራው ነው። በራጅ ሲታይ ጠቋሚዎቹ የቆሙበት ምልክት 11፡43 ላይ ሆኖ ተገኘ፣ በእኛ ቢሉት ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ከ43 ማለት ነው።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ከተማዋ የቆመችው በውሃ የራሰ ለስላሳ አሸዋ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ አሸዋ ሲናወጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ግፊቱ ይጨምርና ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ያቆማሉ። መሬት የነበረው ለአፍታ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። እዚያ ላይ አራት ፎቅ ጡብ ብትከምር ምን እንደሚሆን ገምት። ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው፣ ወደ 13 ሄክታር ገደማ፣ ወደ ወደቡ ገባ። ብዙ ሰው እስከ ወገቡና እስከ አንገቱ ሰምጦ መናወጡ ሲቆም አሸዋው መልሶ ጠነከረበት። ከዚያ ባህሩ መጣ። ያን ቀን ወደ 2,000 ሰው አለቀ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት በቁስልና በበሽታ የሞተውም ከዚያ አያንስም። የሞርጋን መቃብርም አብሮ ሰመጠ።

ስለዚህ «ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም» ለሚለው እኔ የምመልሰው በአናጢ ቋንቋ ነው። ስፔኖች ደሴቲቱ ላይ ሲኖሩ ቤታቸው ዝቅ ያለ፣ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ነበር። እንግሊዞቹ አሸዋ ላይ ለንደንን ሊሠሩ ፈለጉ። ደሴቲቱ ያለችው ሁለት የመሬት ቅርፊቶች በሚፋተጉበት መስመር ላይ ነው፣ ይሄው ሥርዓት ነው በምሥራቅ በኩል ሄይቲን የሚያናውጣት።

የተረፉት በጀልባ ወደቡን ተሻግረው ሊጓኒያ የሚባለው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ኮሎኔል ባሪ የአሳማ በረት ያለው እዚያ ነበር። ድንኳን፣ ዳስ፣ ጭቃ፣ ትንኝ። ቸነፈሩ ብዙ ሰው የጨረሰው እዚህ ነው። ኪንግስተን የሚባል ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። የደሴቲቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ዊልያም ቢስተን ከሚባል ባለመሬት 200 ኤከር፣ ማለትም 80 ሄክታር ገደማ፣ በ1,000 ፓውንድ ገዛ። ሻጩ በሚቀጥለው ዓመት ምክትል ገዥ ሆኖ መጣ። የመሬትና የሥልጣን ነገር የትም አንድ ነው።

ጆን ጎፍ የሚባል ቀያሽ ፕላኑን አወጣ። እንደ ዳማ ገበታ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ መሃል ላይ ፓሬድ የሚባል አራት ማዕዘን አደባባይ። መሃል ከተማ ስትሄድ ይሄው ፕላን ዛሬም እግርህ ስር ነው።

ሰዎቹ ግን መኖር አልፈለጉም። አቅም ያላቸው በሙሉ ወደ ተረፈችው የአሸዋ ጫፍ ተመለሱ። የነጋዴ ልብ እንደዚህ ነው፣ መርከቡ የሚቆመው እዚያ ስለሆነ። በ1703 መጀመሪያ ግን እሳት ተነሳና ፖርት ሮያልን ጠራርጎ በላት። ያን ጊዜ ነው ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ተሻግረው የቀሩት። በ1722 ደግሞ ከባድ ማዕበል ጨመረላት። ፖርት ሮያል ከዚያ በኋላ የባህር ኃይል ሠፈር ሆና ቀረች። ወንበዴዎቹም መጨረሻ ላይ የመጡባት ሊሰቀሉ ነው፤ ካሊኮ ጃክ የሚሉት ጆን ራካም በ1720 የተሰቀለው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል። ኪንግስተን በምን በለጸገች? በስኳር ብቻ እንዳይመስልህ። ስኳሩ በየጠረፉ ካሉ ትናንሽ ወደቦችም ይጫን ነበር። የኪንግስተን ሀብት ማስተላለፍ ነው። በ1713 ብሪታንያ ለስፔን ቅኝ ግዛቶች በዓመት 4,800 ባሪያ የማቅረብ ውል ለ30 ዓመት አገኘች፣ ውሉን የያዘው የደቡብ ባህር ኩባንያ ነበር። ኪንግስተን መሸጋገሪያው ሆነች። ከአፍሪካ የመጡት ሰዎች እዚህ ይወርዳሉ፣ እዚህ ይሸጣሉ፣ ከፊሉ እዚሁ ደሴት ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ እንደገና ተጭኖ ወደ ስፔን ግዛቶች ይላካል። የሚመለሰው ደግሞ የስፔን ብር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ አሜሪካ ውስጥ የኪንግስተንን ያህል ሰው በባርነት የተሸጠበት ወደብ አልነበረም። ንግዱን ሕግ የከለከለው በ1807 ነው፣ ነጻነቱ ሙሉ የሆነው ደግሞ በ1838።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ብር ያላት ከተማ ለምን ዋና ከተማ አልሆነችም? ምክንያቱም የሸንኮራ እርሻ ጌቶቹ አልፈለጉም። ምክር ቤቱ የእነሱ ነው፣ ምክር ቤቱ ያለው ስፓኒሽ ታውን ነው፣ ቤታቸውና ግብዣቸውም እዚያ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የኪንግስተን ነጋዴ ባለዕዳዎች ነበሩ። ባለዕዳ ሆነህ ፍርድ ቤቱ አበዳሪህ ሰፈር ሲዛወር ደስ ይልሃል? እኔ ጠቡን የማየው በዋናነት እንደ ዕዳ ጠብ ነው።

አድሚራል ቻርልስ ኖውልስ የሚባል ገዥ ነጋዴዎቹን ደግፎ በ1750ዎቹ አጋማሽ መንበሩን ወደ ኪንግስተን አዛወረው። መዝገቡ በሙሉ ተጫነ፣ ሄደ። ጌቶቹ ለንደን ድረስ ከሰሱ። በ1758 ንጉሡ ሕጉን ሻረው፣ መዝገቡ ተጭኖ ተመለሰ። ከዚያ ለመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ሥልጣን እዚያ፣ ገንዘብ እዚህ ሆኖ ቀጠለ። በ1845 የደሴቲቱ የመጀመሪያ ባቡር ሲሠራ መስመሩ ከየት ወዴት እንደሆነ መገመት ትችላለህ፤ ከኪንግስተን ወደ ስፓኒሽ ታውን ነው።

ቋጠሮውን የፈታው ደም ነው። ነጻነት ከመጣ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ መሬት ያጡና ፍትህ የተነፈጉ ገበሬዎች በምሥራቅ በኩል ሞራንት ቤይ ላይ በፖል ቦግል መሪነት ተነሱ። ገዥው ኤድዋርድ ኤየር በአካባቢው ወታደራዊ ሕግ አወጀ። ወታደሩ 439 ሰው ገደለ፣ ከ1,000 በላይ ቤት አቃጠለ። ጆርጅ ዊልያም ጎርደን፣ እናቱ ባሪያ የነበረች፣ አባቱ ነጭ የእርሻ ጌታ፣ እሱ የምክር ቤት አባል፣ ገዥውን በአደባባይ የሚተች ሰው ነበር። ያን ሰሞን የነበረው ኪንግስተን ነው። ኪንግስተን ውስጥ ደግሞ ወታደራዊ ሕግ አልታወጀም። ስለዚህ ያዙት፣ መርከብ ላይ ጫኑት፣ ሕጉ ወደሚሠራበት ሞራንት ቤይ ወሰዱት፣ ሰቀሉት። እንግሊዝ አገር ውስጥ ይሄ ጉዳይ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል።

የደነገጡት ጌቶች የጥቁር ሕዝብ ድምፅ አንድ ቀን ምክር ቤቱን ከሚወስድባቸው ብለው ምክር ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ደሴቲቱ በ1866 በቀጥታ በለንደን ሹም የምትገዛ ሆነች። እንግዲህ «አይሆንም» የሚል ምክር ቤት የለም። አዲሱ ገዥ ጆን ፒተር ግራንት በ1872 መንበሩን ወደ ኪንግስተን አመጣው፣ ያ ሁሉ ጠብ ቀርቶ። መንግሥት ለሥራው የገዛውም ቤት ዱክ ጎዳና ላይ ያለውን የቶማስ ሂበርትን ቤት ነው። ሂበርት ሀብቱን ያፈራው ሰው በመሸጥ ነው። የደሴቲቱ ሕግ እዚያ ቤት ውስጥ እስከ 1960 ሲወጣ ቆየ። በዚያው ዓመት አጠገቡ አዲስ ፓርላማ ተሠራ፣ ስሙም ጎርደን ሃውስ ተባለ። ያ የተሰቀለው ጎርደን ነው። ሁለቱ ቤቶች ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው፣ ለእኔ ከየትኛውም ሙዚየም ይበልጣሉ።

ከተማዋ ዋና ከተማ ሆና ብዙ ሳትቆይ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1907 ከሰዓት በኋላ፣ መሬት እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከመናወጡ እሳቱ ባሰ፤ ወደ 1,000 ሰው ሞተ፣ የንግድ ሰፈሩ ወደመ። አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ለእርዳታ ደርሰው ወታደር አወረዱ። የእንግሊዙ ገዥ ስዌተንሃም ሳያስፈቅዱኝ ገቡብኝ ብሎ በሽሙጥ የተሞላ ደብዳቤ ጽፎ አባረራቸው። ከተማው እየነደደ! ለንደን ይቅርታ ጠይቅ አለችው፣ በመጨረሻም ሥራውን ለቀቀ።

ባርነት ከቀረ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ሕዝብ ምዕራብ ኪንግስተን ላይ በቆርቆሮና በሳንቃ ቤት ታጨቀ፣ ሀብታሙ ደግሞ ወደ ኮረብታው ሸሸ። ዛሬ ላይ ታች ከተማና ላይ ከተማ የሚባለው ልዩነት ከዚያ ነው። የጥቁሮች ንቅናቄ መሪው ማርከስ ጋርቪ ማኅበሩን በ1914 የመሠረተው ኪንግስተን ነው። ከራስታዎች ቀዳሚ ሰባኪዎች አንዱ ሊዮናርድ ሃወል ከ1933 ጀምሮ የጃንሆይን ፎቶ እያሳየ የሰበከውም እዚያ ጭምር ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም በሕዝብ ቀስቃሽነት ተፈርዶበት ታሰረ። ሻሸመኔ የሰፈሩት ወገኖቻችን ሐሳብ ከየት እንደተነሳ ካሰብክ ከእነዚህ ጠባብ መንገዶች ነው።

ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ሲመጡ የአውሮፕላን ማረፊያው የት እንደነበር ታውቃለህ? ፓሊሳዶስ ላይ፣ እዚያችው የአሸዋ ምላስ ላይ። 100,000 የሚገመት ሕዝብ አጥሩን ጥሶ ማኮብኮቢያው ላይ ፈሰሰ፣ ጃንሆይም ወዲያው መውረድ አልቻሉም። መንገድ ያስከፈተው ሞርቲሞ ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ነው፣ መንግሥት ሲያሳድዳቸው ከነበሩት አንዱ። በዚያው ዓመት፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ብዙ ራስታዎች ይኖሩበት የነበረው ባክ-ኦ-ዎል የሚሉት ሰፈር በቡልዶዘር ፈረሰ፣ ቲቮሊ ጋርደንስ ተሠራበት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ መሆናቸው እስካሁን ይገርመኛል።

አንተም ወደ ኪንግስተን የምትበር ከሆነ የምታርፈው እዚያው ነው፣ አሁን ስሙ ኖርማን ማንሊ ይባላል። ከኤርፖርቱ ስትወጣ ሁሉም ወደ ኪንግስተን ይታጠፋል። አንተ አንዱን ቀን ወደ ተቃራኒው ታጠፍ። መንገዱ ሲያልቅ ፖርት ሮያል ነው፣ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር። በ2025 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ፎርት ቻርልስን እይ፣ በ1907 መናወጥ ዘንበል ብሎ የቀረውን የመሣሪያ ግምጃ ቤትም ግባበት፣ ወለሉ ራስህን ያዞርሃል። ከዚያ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሂድና የሉዊስ ጋልዲን መቃብር ፈልግ። በ1692 መሬት ዋጠችው፣ በሁለተኛው መናወጥ ወደ ባህር ተፋችው፣ ዋኝቶ ተረፈ። የሞተበት ዓመት ድንጋዩ ላይ አለ፣ 1739። መሃል ከተማን ደግሞ በጠዋት ሂድ፣ ዱክ ጎዳና ላይ ወለሉ አሸዋ የሆነ የአይሁድ ምኩራብም አለ፣ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። የተጠበሰ ዓሣ ካማረህ ግን ፖርት ሮያል ሳለህ ብላ።